በገዛ ስሙ ከተሰየመው ድርጅት የተገፋው ሰው

እኛ ሀገር ኦርጋን ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ሰርግ ላይ የሚጫወቱት ባለ ኤሌክትሪክ ኪቦርድ ነው። ዛሬ የምናወራው ግን ስለ ትልቁ፣ ስለ ፓይፕ ኦርጋን ነው። ይሄኛው በሺዎች የሚቆጠሩ የብረትና የእንጨት ቱቦዎች ሊኖሩት ይችላል። ተጫዋቹ ቁልፉን ሲጫን ነፋስ ወደ ቱቦው ይገባና ድምፅ ይወጣል። በትላልቆቹ ላይ ረጅሙ ቱቦ 10 ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ ትንሹ ከእርሳስ አይበልጥም። ዕቃው ራሱ ቤት ያክላል ማለት ነው።

አሜሪካ ውስጥ በዚህ ሙያ ስማቸው ከገነነ ሰዎች አንዱ ኧርነስት ስኪነር ነው። የተወለደው በ1866 ፔንሲልቬንያ ውስጥ ነው (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ወላጆቹ ዘፋኞች ነበሩ። እሱ ግን ሥራ የጀመረው መድረክ ላይ ሳይሆን ኦርጋን የሚሠራበት ቤት ውስጥ፣ ተላላኪ ልጅ ሆኖ ነው። ከዚያ ቦስተን ወደሚገኘው የጆርጅ ሃቺንግስ ፋብሪካ ገባና እዚያው እያደገ የሥራ ኃላፊ ሆነ። በ1898 እንግሊዝና ፈረንሳይ ሄዶ የታወቁትን ኦርጋኖች አየ። በ1901 የራሱን ድርጅት ከፈተ።

የስኪነር ህልም አንድ ነበር፦ ኦርጋኑን እንደ ሙሉ ኦርኬስትራ ማስጮህ። የፈረንሳይ ሆርንን፣ የኦቦን ድምፅ በቱቦ አስመስሎ አወጣ። ኒው ዮርክ የሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ካቴድራል የሱን ኦርጋን አስገባ። ትልልቅ አብያተ ክርስቲያናትና ዩኒቨርሲቲዎች ተከተሉ።

ችግሩ ገንዘብ ላይ ነበር። ስኪነር በእጁ ጥበበኛ እንጂ ነጋዴ አልነበረም። በ1919 አርተር ማርክስ የሚባል ባለሀብት የድርጅቱን አመራር ያዘ። በ1927 ደግሞ ዶናልድ ሃሪሰን የሚባል ባለሙያ ከእንግሊዝ መጣ። የሃሪሰን ጆሮ ሌላ ነበር፤ እንደ ባህ ላሉ የድሮ ሙዚቃዎች የሚመች ጥርት ያለ፣ ብሩህ ድምፅ ይወድ ነበር። ደንበኞችም ቀስ በቀስ ወደሱ አዘነበሉ።

በ1932፣ ኢኮኖሚው በወደቀበት ሰዓት፣ ድርጅቱ ከኢዮልያን ጋር ተዋሃደና ኢዮልያን ስኪነር ተባለ። ስሙ በሩ ላይ አለ፣ ሰውየው ግን የሚሰማው አጣ። በ1936 ጥሎ ወጣ። ያኔ 70 ዓመቱ ነው!

ጡረታ ይወጣል ብላችሁ ከጠበቃችሁ ተሳስታችኋል። ማሳቹሴትስ፣ መቱዌን ከተማ ላይ ከልጁ ጋር እንደገና ከዜሮ ጀመረ። በ1938 የዋሽንግተን ብሔራዊ ካቴድራልን ኦርጋን ሠርቶ አስረከበ። ግን አዲሱም ድርጅት ከሰረ። በ1943 ወርክሾፑ በእሳት ወደመ።

ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን ሌላ ነው። ረጅም ዕድሜ ኖረና የገዛ ሥራው ሲቀየር አየ። በ1950ዎቹ የቅዱስ ዮሐንስ ካቴድራሉን ኦርጋን በአዲሱ ስልት የለወጠው፣ ስሙን የያዘው ያው ድርጅት ነው። ስኪነር ዝም አላለም። ለሙያው መጽሔቶች እየጻፈ ተሟገተ። ሰሚ ግን አልነበረም፤ ዘመኑ አልፎበታል ተባለ።

በ1960፣ በ94 ዓመቱ አረፈ። ኢዮልያን ስኪነርም ብዙ አልቆየም፤ በ1972 ተዘጋ።

ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ የተገለበጠው። ጊዜ አልፎበታል የተባለው ድምፅ እንደገና ተፈላጊ ሆነ። ሳይነካኩ የተረፉት የስኪነር ኦርጋኖች ዛሬ እንደ ቅርስ ይጠበቃሉ፤ የተጎዱትም በጥንቃቄ ይጠገናሉ። በ1928 እንደገና ሠርቶ ያስፋፋው የዬል ዩኒቨርሲቲው ኦርጋን 12,617 ቱቦዎች አሉት፤ እስከ ዛሬም ይጫወታል።

ሰውየው ይህን ሳያይ ነው የሄደው። እናንተ በሱ ቦታ ብትሆኑ ከዘመኑ ጋር ትቀየሩ ነበር ወይስ እንደሱ ትጸኑ? ኮመንት ላይ ጻፉልን።