በጣቶቻቸው የልብ ትርታን ያዳመጡት ሐኪም

ውድ አንባብያን፣ ጡት ሲጠባ ግንባሩን ላብ የሚያጠምቀው፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ስቦ ደክሞት የሚያለከልክ ሕፃን በቤትዎ አለ? ወይስ ከእኩዮቹ ጋር ሲሮጥ ድንገት ቆም ብሎ ቁጢጥ የሚል፣ ከንፈሩና ጥፍሩ የሚጠቁርበት ልጅ ያውቃሉ? ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለውን ነገር "ብርድ መትቶት ነው"፣ "ሲያድግ ይተወዋል" ብለን እናልፈዋለን። ይሁንና የልብ ሕመም ምልክት ሊሆን ይችላል። ዛሬ የሕፃናትን የልብ ሕመም ለይቶ በማወቅ ረገድ ፈር ቀዳጅ የሆኑትን አሜሪካዊት ሐኪም የዶክተር ሄለን ታውሲግን ሕይወት እናወጋዎታለን። ከታሪካቸው ለእርስዎና ለልጅዎ የሚጠቅም ብዙ ትምህርት ያገኛሉ። ዓመተ ምሕረቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ ይበሉ።

ሄለን ታውሲግ በ1898 በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት፣ ካምብሪጅ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የታወቁ የምጣኔ ሀብት ምሁር ነበሩ። እናታቸው ግን ሄለን ገና የ11 ዓመት ልጅ ሳሉ በሳንባ ነቀርሳ ሞቱባቸው። ሄለን ራሳቸውም በልጅነታቸው በዚሁ በሽታ ታመው ነበር። በዚያ ላይ ፊደል ይምታታባቸው ስለነበር ንባብ ከባድ ፈተና ሆነባቸው። ያን ችግር የተወጡት አባታቸው በትዕግሥት አጠገባቸው ተቀምጠው እያስነበቧቸው ነው። ትምህርት የሚከብደው ልጅ ካለዎት ይህን አይርሱ፤ ከክፍል ወደ ኋላ የቀረ ልጅ ሁሉ ሰነፍ አይደለም።

ሕክምና ለመማር ሲነሡ ደግሞ ሌላ በር ተዘጋባቸው። በዚያ ዘመን የሃርቫርድ የሕክምና ትምህርት ቤት ለሴቶች ዲግሪ አይሰጥም ነበር። ወደ ቦስተን ዩኒቨርሲቲ አምርተው ሲማሩ አንድ መምህራቸው የበሬ ልብ ሰጥተው እንዲያጠኑት አደረጉ። ዕድሜ ልካቸውን የዘለቀው የልብ ጥናት በዚህ ተጀመረ። ከዚያም ባልቲሞር በሚገኘው ጆንስ ሆፕኪንስ ገብተው በ1927 በሕክምና ዶክትሬት ተመረቁ። በ1930 በዚያው ሆስፒታል የሕፃናት ክፍል የልብ ክሊኒክ ኃላፊ ሆነው ተሾሙ።

በዚሁ ጊዜ አካባቢ የመስማት ችሎታቸው እየደከመ መጣ። የልብ ሐኪም ዋና መሣሪያው ጆሮው ነው። እሳቸው ግን ሥራቸውን አልተዉም። የሰውን ከንፈር እያዩ ንግግር መረዳትን ተማሩ። መዳፋቸውንና ጣቶቻቸውን በሕፃናቱ ደረት ላይ አሳርፈው የልብን ምት በመዳሰስ ማወቅ ጀመሩ። ከዚህ ጋር የራጅ ምርመራን፣ የልብን የኤሌክትሪክ ምት መመዝገቢያንና ልጁን ረጋ ብሎ መመልከትን አቀናጁ። የልጁ ቀለም፣ አተነፋፈሱ፣ አጠባቡ፣ አቀማመጡ ሁሉ ለእሳቸው መልእክት ነበረው።

ወደ ክሊኒካቸው ከሚመጡት መካከል ልባቸውን የሰበሩት ሰውነታቸው የሚጠቁር ሕፃናት ነበሩ። አብዛኞቹ ከአራት ችግሮች ጋር የተወለዱ ናቸው። በሁለቱ የታችኛው የልብ ክፍሎች መካከል ቀዳዳ አለ፤ ወደ ሳንባ የሚወስደው የደም መንገድ ጠቧል፤ ለሰውነት ደም የሚያከፋፍለው ዋና የደም ቅዳ ቧንቧ ከቦታው ፈቀቅ ብሎ በቀዳዳው ላይ ተቀምጧል፤ የቀኙ የታችኛው የልብ ክፍል ጡንቻም ወፍሯል። በዚህ ምክንያት በቂ ደም ወደ ሳንባ ሄዶ ኦክስጅን አይወስድም፤ ኦክስጅን ያልያዘው ደም በቀጥታ ወደ ሰውነት ይረጫል። በዚያ ዘመን ለእነዚህ ልጆች ይህ ነው የሚባል ሕክምና አልነበረም።

ዶክተር ታውሲግ ግን አንድ ነገር አስተዋሉ። ማንኛውም ሕፃን በእናቱ ማሕፀን ሳለ ዋናውን የደም ቅዳና የሳንባውን የደም ቧንቧ የሚያገናኝ አጭር ቧንቧ አለው። ከተወለደ በኋላ ቧንቧው በጥቂት ቀናት ውስጥ ይዘጋል። ከሚጠቁሩት ሕፃናት መካከል ይህ ቧንቧ ሳይዘጋ የቆየላቸው ደህና ነበሩ፤ ሲዘጋ ግን ሁኔታቸው ይከፋ ነበር። እንግዲያው ቧንቧው የተዘጋበትን ልጅ ሌላ መተላለፊያ ሠርተን ብንረዳውስ የሚል ሐሳብ መጣላቸው።

በ1938 በቦስተን አንድ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ሳይዘጋ የቀረን ቧንቧ በቀዶ ሕክምና ዘግተው ነበር። ዶክተር ታውሲግ ወደ እኚህ ሐኪም ሄደው አዲስ ቧንቧ እንዲሠሩላቸው ጠየቁ፤ አልተቀበሏቸውም። በ1941 ዶክተር አልፍሬድ ብሌሎክ ወደ ጆንስ ሆፕኪንስ ሲመጡ ጥያቄውን ለእሳቸው አቀረቡ። ብሌሎክም ቪቪየን ቶማስ ከተባሉት የላቦራቶሪ ባለሙያቸው ጋር ሥራውን ጀመሩ። ቶማስ ጥቁር አሜሪካዊ ሲሆኑ የኮሌጅ ትምህርት የማጠናቀቅ ዕድል አላገኙም። ሆኖም በውሾች ላይ ደጋግመው እየሞከሩ የቀዶ ሕክምናውን ዘዴ ያደላደሉት እሳቸው ናቸው።

በኅዳር ወር 1944 አንዲት የ15 ወር ሕፃን ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ገባች። ክብደቷ ከአዲስ ተወላጅ ብዙም አይበልጥም ነበር። ብሌሎክ ሲሠሩ ቶማስ ከኋላቸው ቆመው ይመሯቸው ነበር፤ ዶክተር ታውሲግም በቦታው ነበሩ። ወደ ክንድ የሚሄደውን የደም ቅዳ ከሳንባው የደም ቧንቧ ጋር አገጣጠሙት። ሕፃኗ ከዚያ ቀን ብትተርፍም ከወራት በኋላ አረፈች። በ1945 መጀመሪያ ግን ለአንድ የስድስት ዓመት ልጅ ይኸው ሲደረግለት ጠቁሮ የነበረው ከንፈሩ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ቀላ። ወሬው ዓለምን አዳረሰ፤ ከየአገሩ ወላጆች ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ባልቲሞር ጎረፉ። የቶማስ ድርሻ ግን ለብዙ ዓመታት ሳይነገር ቆይቶ የክብር ዶክትሬት ያገኙት በ1976 ነው።

ዶክተር ታውሲግ በ1947 ስለ ሕፃናት የልብ ጉድለቶች ያሳተሙት መጽሐፍ የሙያው መሠረት ሆነ። በ1962 ደግሞ ወደ ጀርመን ተጓዙ። በዚያ እርጉዝ ሴቶች ለማቅለሽለሽና ለእንቅልፍ ይወስዱት የነበረ ታሊዶሚድ የተባለ መድኃኒት ብዙ ሕፃናት እጅና እግራቸው ሳይሟላ እንዲወለዱ ማድረጉን አጣሩ። ተመልሰውም ስለ አደጋው በአሜሪካ ምክር ቤት ፊት መሰከሩ። በ1964 የአገራቸውን ከፍተኛ የሲቪል ሜዳሊያ ተሸለሙ፤ በ1965ም የአሜሪካ የልብ ማኅበር የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ሆኑ። በግንቦት 1986፣ 88ኛ ዓመታቸውን ሊይዙ ጥቂት ቀናት ሲቀራቸው በመኪና አደጋ አረፉ።

ውድ አንባቢ፣ ዛሬ የልብ አልትራሳውንድና ሌሎች ዘመናዊ መሣሪያዎች አሉ። ልጁን ወደ መሣሪያው የሚያደርሰው ግን የእርስዎ ዓይን ነው። እንግዲህ እንደ ዶክተር ታውሲግ ይመልከቱ። ሕፃኑ ሲጠባ ቶሎ ይደክማል? ያልበዋል? ተኝቶ ሳለ እንኳ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል? ክብደት አልጨምር ብሏል? የሳንባ ምች ይመላለስበታል? መጥቆሩን ለማወቅ ቆዳውን ብቻ አይመልከቱ፤ በጠይም ቆዳ ላይ በቀላሉ አይታይም። ምላሱን፣ ድዱንና የከንፈሩን ውስጥ በቀን ብርሃን ይዩ። ከፍ ያለው ልጅ ሲጫወት ራሱን ከሳተ፣ ደረቱን ካመመው ወይም ለማረፍ ቁጢጥ ማለት ካዘወተረ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት። በሌላ በኩል ሐኪሙ በልጅዎ ልብ ላይ ተጨማሪ ድምፅ ሰማሁ ቢልዎ አይደንግጡ፤ ጉዳት የሌለው ድምፅ በብዙ ጤነኛ ልጆች ላይ ይሰማል። ምርመራውን ግን አያቋርጡ።

የሚጠቁር ልጅ ድንገት አልቅሶ ወይም ደክሞ ይበልጥ ከጠቆረ ጉልበቶቹን አጥፈው ወደ ደረቱ ያስጠጉለት፣ ያረጋጉት፣ ወዲያውም ወደ ሆስፒታል ይሩጡ። ቁጢጥ የሚለው ልጅ በራሱ ጊዜ ያገኘው መላ ይኸው ነው፤ ወደ ሳንባ የሚሄደው ደም እንዲጨምር ይረዳዋል። ተቅማጥና ትውከት ፈሳሹን ስለሚያሳጡት ለእንዲህ ያለ ልጅ አደገኛ ናቸውና ቶሎ ያሳክሙት።

ዶክተር ታውሲግ ክሊኒኩን ሲረከቡ አብዛኞቹ ታካሚዎች በቁርጥማት ትኩሳት ምክንያት ልባቸው የተጎዳ ልጆች ነበሩ። በአገራችንም ይህ ሕመም ዛሬም ብዙ ልጆችን ያጠቃል። መነሻው በባክቴሪያ የሚመጣ የጉሮሮ ሕመም፣ እኛ ቶንሲል የምንለው ነው። ካልታከመ ከሳምንታት በኋላ ትኩሳትና ከአንዱ መገጣጠሚያ ወደ ሌላው የሚዘዋወር ሕመም ያመጣል፤ የልብን በሮችም ይጎዳል። ስለዚህ ጉሮሮውን ያመመውን ልጅ ያሳክሙ፤ የታዘዘለትን መድኃኒት ሕመሙ ቢሻለውም ይጨርስ። እንጥል ማስቆረጥ መፍትሔ አይደለም፤ ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን ያስከትላል። በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ የታዘዘለት ልጅ ካለዎት ቀኑን አያሳልፉ። ልጁ ደህና መስሎ መታየቱ መርፌውን ለማቋረጥ ምክንያት አይሆንም።

የልብ ሕመም ያለበት ልጅ ክትባቱ አይጓደል፤ ጥርሱን በየዕለቱ ያጽዳ፤ የተበላሸ ጥርስም ይታከም፤ ከአፍ የሚነሣ ባክቴሪያ ወደ ልብ ሊደርስ ይችላልና። ሕፃኑን በትንሽ በትንሹ ቶሎ ቶሎ ያጥቡት። የሚጫወተውን ጨዋታ መጠን ከሐኪሙ ጋር ይወስኑ እንጂ በፍርሃት ቤት አይዝጉበት። እርጉዝ ከሆኑ ደግሞ የታሊዶሚድን ታሪክ አስታውሰው ያለ ሐኪም ትእዛዝ መድኃኒት አይውሰዱ።

በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የሚገኘውን የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከል ጨምሮ በአገራችን ይህን ሕክምና የሚሰጡ ባለሙያዎች አሉ። መንገዱ የሚጀምረው ግን በአቅራቢያዎ ካለው ጤና ጣቢያ ነው። ዛሬ ማታ ልጅዎ ሲጠባ ወይም ሲተኛ ጥቂት ደቂቃ አጠገቡ ተቀምጠው አተነፋፈሱን ይመልከቱ። ያሠጋዎት ነገር ካለ ነገ ጠዋት ይዘውት ይሂዱ።