ሕመሙን ደብቆ አውሮፓን ያንበረከከው አልፎንሶ ፎርድ

የዩሮሊግ ቅርጫት ኳስን በስልካችሁ የምትከታተሉ፣ ለውድድሩ ከፍተኛ ነጥብ አስቆጣሪ የሚሰጠው ዋንጫ በማን ስም እንደሚጠራ ታውቃላችሁ? በአልፎንሶ ፎርድ ነው። ሰውየው አሜሪካዊ ነው፤ ኤንቢኤ ውስጥ የተጫወተው ግን በጠቅላላው 11 ጨዋታ ብቻ። አዎ፣ አሥራ አንድ!

ፎርድ በ1971 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ሚሲሲፒ ውስጥ ግሪንዉድ በምትባል ከተማ ተወለደ። ኮሌጅም ሩቅ አልሄደም፤ እዚያው አቅራቢያ ሚሲሲፒ ቫሊ ስቴት ገባ። ስም ያለው የቅርጫት ኳስ ኮሌጅ አይደለም። ልጁ ግን በ4 ዓመት 3,165 ነጥብ አስቆጠረ። በአራቱም ዓመታት አማካዩ ከ25 ነጥብ በላይ ነበር፤ ይህን ከእሱ በፊት ማንም አላደረገውም።

ይሄን ሁሉ አስቆጥሮም በ1993ቱ የኤንቢኤ ምርጫ 32ኛ ሆኖ ነው ፊላደልፊያ የወሰደው። ለሲያትል 6፣ ለፊላደልፊያ 5 ጨዋታ ተሰልፎ አበቃ። በ1995 ሻንጣውን ይዞ ወደ ስፔን፣ ሁዌስካ ሄደ። በዓመቱ ደግሞ አቴንስ ገባ፤ መጀመሪያ ፓፓጉ፣ ቀጥሎ ስፖርቲንግ። ትልልቆቹ ክለቦች አይደሉም፣ የሰፈር ክለቦች በሏቸው።

ነገሩ የተለወጠው በ1997 ነው። ሐኪሞች የደም ካንሰር እንዳለበት ነገሩት። ገና 25 ዓመቱ ነበር። ፎርድ ግን መጫወቱን አላቆመም፤ ለሕዝብም አልተናገረም። ለምን ደበቀ? እኔ እንደሚመስለኝ፣ የታመመ ተጫዋች ማን ያስፈርማል ብሎ ሳይሰጋ አልቀረም። ደግሞ ከንፈር የሚመጥለት ሰው የሚፈልግ ዓይነት አይመስልም።

የሚገርመው፣ ምርጥ ዓመታቱ የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። በ2000/01 ለፔሪስቴሪ ሲጫወት በጨዋታ በአማካይ 26 ነጥብ እያስቆጠረ የዩሮሊግ አንደኛ ሆነ። ፔሪስቴሪ የአቴንስ ዳር ሰፈር ክለብ እንደሆነ አትርሱ። በቀጣዩ ዓመት ኦሊምፒያኮስ ወሰደው፤ እዚያም አንደኝነቱን ለማንም አልሰጠም፣ የግሪክን ዋንጫም አነሳ። ከዚያ ጣልያን። በ2003 ሲየናን ባርሴሎና ላይ እስከተካሄደው የመጨረሻዎቹ አራት ውድድር አደረሰ፤ በግማሽ ፍጻሜ በትሬቪዞ የተሸነፉት በ3 ነጥብ ልዩነት ነው። ተመልካቹ የሚያየው ማንም ሊያቆመው ያልቻለ አግቢ ነው፤ ውስጡ ያለውን ማን ያያል?

የመጨረሻ ክለቡ ፔሳሮ ነበር፤ 2003/04ን ሙሉ እዚያው ተጫወተ። በኦገስት 2004 መጨረሻ ላይ፣ ጤናው ከዚህ በላይ እንደማይፈቅድለት ገልጾ ክለቡንና ደጋፊውን በደብዳቤ አመሰገነ። ብዙ ሰው ችግር እንዳለ የሰማው ያኔ ነው። ደብዳቤው ከወጣ በኋላ ሁለት ሳምንት እንኳ አልሞላም፤ ሴፕቴምበር 4 ሜምፊስ ውስጥ፣ ሆስፒታል እያለ አረፈ። 33 ዓመት ሊሞላው ሁለት ወር ገደማ ቀርቶት ነበር።