ኦቶ ዋርቡርግ፣ የካንሰርና የማይቶኮንድሪያ ነገር

ባለፈው ሴሚስተር መምህራችን ስለ ማይቶኮንድሪያ ሲያስተምሩን ማይቶኮንድሪያ የራሱ ዲ.ኤን.ኤ. እንዳለው፣ ሰውም ይህን የሚወርሰው ከእናቱ ብቻ እንደሆነ ነገሩን። ጓደኞቼ ማስታወሻ ሲይዙ እኔ እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። መሐል ሜዳ ያሳደገችኝ እናቴ ያረፈችው በጡት ካንሰር ነው። ታዲያ እኔና ታናሽ እህቴ በሽታውን ከማይቶኮንድሪያው ጋር ወርሰነው ይሆን? መልስ ፍለጋ ቤተ መጻሕፍት ስገባ በየመጽሐፉ አንድ ስም እየደጋገመ መጣብኝ፤ ኦቶ ዋርቡርግ። ውድ አንባብያን፣ ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለዚህ ሰው ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ዋርቡርግ በ1883 ፍራይቡርግ በተባለች የጀርመን ከተማ ተወለደ። አባቱ ኤሚል ዋርቡርግ የታወቀ የፊዚክስ ሊቅ ነበር። ልጁ በርሊን ከኤሚል ፊሸር ዘንድ ኬሚስትሪ ተምሮ በ1906 የዶክትሬት ዲግሪውን አገኘ፤ በ1911 ደግሞ በሃይደልበርግ ሕክምና አጠናቀቀ። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሳ ፈረሰኛ ሆኖ ዘመተ፣ ቆሰለም። በ1918 አልበርት አንስታይን ደብዳቤ ጽፎ ወደ ምርምሩ እንዲመለስ መከረው፤ እሱም ተመለሰ። የፈረስ ፍቅሩ ግን አብሮት ዘለቀ፤ እስከ እርጅናው ድረስ መጋለብ አልተወም። በዚህስ የእኛን የመንዝ ሰው ይመስላል።

ስሙን ያስጠራው ሥራ የተጀመረው በ1920ዎቹ መጀመሪያ ነው። ዕጢን በስሱ እየቆረጠ በጋዝ መለኪያ መሣሪያ ውስጥ በማስቀመጥ ምን ያህል ኦክስጅን እንደሚጠቀምና ምን ያህል ላክቲክ አሲድ እንደሚያወጣ ለካ። ያገኘው ውጤት የሚገርም ነበር። ጠላ የሚጠምቅ ሰው ድፍድፉ ሲብላላ የጋኑን አፍ እንደሚመርግ ያውቃል። ጤነኛ ሕዋስም በአብዛኛው ስኳርን ወደ ማብላላት የሚዞረው አየር ሲያጥረው ነው። የካንሰር ሕዋስ ግን ጋኑ ተከፍቶም፣ ኦክስጅን ሞልቶም ስኳሩን እያብላላ ላክቲክ አሲድ ያወጣል። ይህ ዛሬ የዋርቡርግ ክስተት ይባላል።

ዋርቡርግ ከዚህ ተነስቶ የካንሰር መነሻ የሕዋስ አተነፋፈስ መበላሸት ነው አለ። በ1931 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ፤ ሽልማቱ ግን ስለ አተነፋፈስ ኤንዛይም ላገኘው ግኝት እንጂ ለዚህ ሐሳቡ አልነበረም። በናዚ ዘመን በአባቱ በኩል የአይሁድ ዘር ስላለው በ1941 ከሥራው ቢባረርም፣ የካንሰር ምርምሩ ስለተፈለገ ከሳምንታት በኋላ ተመለሰ። ሌሎች ሳይንቲስቶች የብዙ ካንሰሮች ማይቶኮንድሪያ ደህና እንደሚሠራ ሲያሳዩ እሱ አልተቀበለም። በ1956ም፣ በ1966ም ያንኑ አቋሙን ደገመ። በ1970 በርሊን ውስጥ በ86 ዓመቱ አረፈ።

ማይቶኮንድሪያ የራሱ ዲ.ኤን.ኤ. እንዳለው በ1963 ሲታወቅ ዋርቡርግ በሕይወት ነበር። የዲ.ኤን.ኤ.ው ሙሉ ቅደም ተከተል ግን የተነበበው በ1981 ነው፤ 16,569 ጥንድ ፊደላትና 37 ጂኖች ብቻ ናቸው። በ1998 አሜሪካ ውስጥ ከተመረመሩ 10 የትልቁ አንጀት ካንሰር የሕዋስ ዘሮች በ7ቱ ላይ ለውጥ ተገኘ። በ2008 ጃፓናውያን ተመራማሪዎች የአይጥ ዕጢ ሕዋሶችን የማይቶኮንድሪያ ዲ.ኤን.ኤ. ሲያለዋውጡ ለውጡ ካንሰሩ ወደ ሌላ አካል የመዛመት አቅሙን ሊጨምር እንደሚችል አሳዩ። በሌላ በኩል የራሳቸው ማይቶኮንድሪያ ዲ.ኤን.ኤ. የጠፋባቸው የካንሰር ሕዋሶች ከጎረቤት ሕዋስ ማይቶኮንድሪያ ወስደው ሲያድጉ ታይቷል። እንግዲህ ካንሰር ማይቶኮንድሪያውን ይፈልገዋል ማለት ነው። ዋርቡርግ ያየው ልክ ነው፤ ስህተቱ ያየውን የሁሉም ምክንያት ማድረጉ ነው። ያም ሆኖ ልኬቱ ዛሬ ሰው ያድናል፤ ፔት የተባለው የምርመራ መሣሪያ ዕጢን የሚያገኘው ብዙ ስኳር ስለሚስብ ነው።

የእኔስ ጥያቄ? በካንሰር ሕዋስ ውስጥ የሚገኙት የማይቶኮንድሪያ ለውጦች በአብዛኛው በዕድሜ ዘመን እዚያው ሕዋሱ ውስጥ የተፈጠሩ እንጂ ከእናት የተወረሱ አይደሉም። በዘር የሚተላለፈው የጡት ካንሰር በዋናነት የሚያያዘው እንደ ቢ.አር.ሲ.ኤ.1 እና ቢ.አር.ሲ.ኤ.2 ካሉ የኒውክለስ ጂኖች ጋር ነው፤ እነዚህ ደግሞ ከአባትም ይመጣሉ። ስለዚህ ማይቶኮንድሪያዬን መፍራት ትቻለሁ። ምርመራውን ግን አልተውም። እናቴ እብጠቱን ደብቃ ቆይታ ሐኪም ዘንድ የደረሰችው ዘግይታ ነበር። ለክረምት እረፍት መሐል ሜዳ ስገባ ለእህቴ ሁለቱንም ነገርኳት፦ እናታችን በማይቶኮንድሪያዋ ያወረሰችን በሽታ እንደሌለ፣ እብጠት ካየች ደግሞ አንድ ቀንም እንዳትደብቅ።