ዳግማዊ ምኒልክና የባቡሩ ሐዲድ

በጅቡቲ ከተማ ሜኔሊክ አደባባይ የሚባለው ሥፍራ የተሰየመው በዳግማዊ አጤ ምኒልክ ስም ነው። እኒህ ንጉሠ ነገሥት በ1836 ዓ. ም. በሸዋ ተወለዱ። ባቡርን የፈለሰፉት እርሳቸው አይደሉም፤ በእንግሊዝ አገር መሮጥ ከጀመረ ብዙ ዘመን ሆኖት ነበር። የእርሳቸው ብልሃት ሌላው የሠራውን መርምሮ ለአገር ጥቅም ማዋል ነው፤ ይህን ከመፍጠር አሳንሶ የሚያይ ሰው የሲራራ ነጋዴን ድካም አላየም ለማለት እደፍራለሁ። ነጋዴው ቡናውንና የዝሆን ጥርሱን በበቅሎና በግመል ጭኖ ከሸዋ እስከ ባሕር ጠረፍ ሳምንታት ይጓዝ ነበርና። የስዊስ ተወላጁ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ሐሳቡን ቢያቀርቡላቸው፣ በ1886 ዓ. ም. ፈቃዱን ሰጡ። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ፣ የሐረር ተራራ ስላስቸገረ ቆላውን ይዞ፣ በ1895 ዓ. ም. ድሬዳዋ ደረሰ፤ ከተማይቱም በዚሁ ምክንያት ተቆረቆረች። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው ግን በ1909 ዓ. ም. ነው፤ ምኒልክ በታኅሣሥ 1906 ዓ. ም. ዐርፈው ነበር።