ውሃን ሽቅብ ያስወጣው መሐንዲስ፦ ሙሴ ኢልግ

ከሞጣ ወደ ዓባይ ሸለቆ የወረዳችሁ ሰባራ ድልድይን ታውቁታላችሁ። ጎጃምን ከበጌምድር የሚያገናኘው፣ በተለምዶ የአፄ ፋሲል ሥራ የሚባለው የድንጋይ ድልድይ። በጣሊያን ወረራ ዘመን መሃሉ ተሰበረና ሰው ለብዙ ዓመታት በገመድ እየተጎተተ ይሻገር ነበር። እስከዚያ ድረስ ግን አንድም ብረት ሳይኖረው ቆሟል። ምን አቆመው ካላችሁ፣ የድንጋዮቹ የራሳቸው ክብደት ነው። የመሬት ስበት ወደ ታች ሲጎትታቸው ቅስቱ ውስጥ እርስ በርስ ይጨናነቁና መውደቂያ ያጣሉ። ሊጥላቸው የሚፈልገው ጉልበት ራሱ ነው አጣብቆ የያዛቸው።

የማይታይ ጉልበትን እንዲህ ሥራ ማሠራት ቀላል ነገር አይደለም። ዛሬ የምናወጋችሁ ሰው ኢትዮጵያ ውስጥ ወደ 28 ዓመት ገደማ የሠራው ይህንኑ ነው። ስሙ አልፍሬድ ኢልግ ይባላል፤ የዘመኑ ሰው ሙሴ ኢልግ ይለው ነበር። ("ሙሴ" ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው፣ አቶ እንደማለት።)

ኢልግ እ.ኤ.አ. መጋቢት 30 ቀን 1854 በስዊዘርላንድ ፍራውንፌልድ ከተማ ተወለደ። ዙሪክ በሚገኘው የቴክኒክ ተቋም ምህንድስና ተማረ። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ከአውሮፓ ባለሙያ ይፈልጉ ነበርና ከሁለት የአገሩ ሰዎች ጋር ጉዞ ጀመረ፤ እ.ኤ.አ. በ1879 አንኮበር ሲደርስ ገና 25 ዓመቱ ገደማ ነበር። ንጉሡ መጀመሪያ ጫማ ሥራልኝ አሉት ይባላል። ሰፋላቸው። ቀጥሎ ጠመንጃ አሉት፤ እሱንም እንደምንም ሠራ ይባላል። መሐንዲስ ነኝ ብሎ ለመጣ ወጣት ከባድ የሥራ ቅጥር ፈተና ነው! ከዚያ ወዲህ ነው ትልልቁ ሥራ የመጣው፤ ከነዚህም አንዱ አዋሽ ወንዝ ላይ የሠራው ድልድይ ነው።

ስሙን ያስጠራው ግን ውሃው ነው። ምኒልክ አዲስ አበባ ሲከትሙ ቤተ መንግሥታቸው ኮረብታ ላይ ነው፤ ውሃ ደግሞ በእንስራ ነበር የሚመጣው። ኢልግ በ1890ዎቹ አጋማሽ ከእንጦጦ ተራራ ቧንቧ ዘርግቶ ውሃውን ወደ ሸለቆው አወረደው፣ ከዚያ መልሶ ወደ ቤተ መንግሥቱ ኮረብታ አወጣው። ሞተር የለም፣ የሚገፋ ሰው የለም። ውሃ ቁልቁል እንጂ ሽቅብ ሲሄድ አይቶ ለማያውቅ ሰው ይህ ተአምር ነው የሚመስለው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንጦጦ ከቤተ መንግሥቱ ይበልጥ ከፍ ያለ ነው። ቧንቧው ውስጥ ያለው ውሃ በስበት ወደ ታች ሲጫን ከፊቱ ያለውን ይገፋል፤ ከምንጩ እስካልበለጠ ድረስ ወጥቶ ይፈሳል። ኮረብታው ላይ የወጣውን ውሃ የገፋው ከኋላው የሚወርደው ውሃ ነው። ግቢያችሁ ውስጥ ማማ ላይ የተሰቀለችው ሮቶም የምትሠራው በዚሁ ነው፤ ከፍ ባለች ቁጥር ቧንቧው ይበረታል፣ መሬት ላይ ካስቀመጣችኋት ግን ሻወሩ ጠብ አይልም።

ቀጥሎ ሽቦ መጣ። ከሐረር እስከ አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር የስልክ መስመር የተዘረጋው በዚያው ዘመን ነው። ስልክ መጀመሪያ ቤተ መንግሥት ሲሰማ የሰይጣን ድምፅ ነው ያሉ እንደነበሩ ይነገራል። እኛ አንስቅባቸውም። ሽቦው ውስጥ የሚሄደው ድምፅ ሳይሆን ኤሌክትሪክ ነው። ኤሌክትሪኩ ጆሮ ማዳመጫው ውስጥ ባለው የሽቦ ጥቅል ሲያልፍ የማግኔት መስክ ይፈጥራል፤ መስኩ ቀጭኗን ብረት ሲስብና ሲለቅ ብረቷ ትርገበገባለች፤ እሷ ናት የምታወራው። አሁን ኪሳችሁ ያለው ስልክ ድምፅ ማጉያም ማግኔትና ጥቅል ሽቦ ነው። ስክሪኑ ደግሞ ጣታችሁን የሚያውቀው የኤሌክትሪክ መስኩን ስለሚያዛባ ነው፣ ለዚህም ነው በተራ ጓንት የማይሠራው። ስልኩን ስታጋድሙት ምስሉ የሚዞረው በስበት ነው። ሦስቱም አንድ ኪስ ውስጥ ገብተዋል።

የኢልግ ትልቁ ሕልም ባቡር ነበር። እ.ኤ.አ. መጋቢት 9 ቀን 1894 ከፈረንሳዊው ሊዮን ሼፍኑ ጋር ሆኖ ከምኒልክ ፈቃድ አገኘ። ገንዘቡ ግን ከአውሮፓ ነው የሚመጣው፣ ገንዘብ ደግሞ ጌታ አለው። ኩባንያው ቀስ በቀስ በፈረንሳይ መንግሥት እጅ ሲገባ ምኒልክ ተቆጡ። ሐዲዱ በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ ደርሶ ለዓመታት እዚያው ቆመ።

በዚያው ዓመት ግንቦት 15 ሌላ ወረቀት ተፈርሟል። ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት ስምምነት፣ ያለ እንግሊዝና ሱዳን መንግሥታት ስምምነት በዓባይ ላይ ፍሰቱን የሚያቆም ሥራ ላለመሥራት ቃል ገቡ። ኢልግ ከ1897 ጀምሮ የንጉሠ ነገሥቱ የመንግሥት አማካሪ ነበር፣ የውጭ ጉዳይም በእሱ በኩል ያልፋል። እኛን የሚገርመን ይሄ ነው፤ ከፍታ ላይ ያለ ውሃ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ከማንም በላይ የሚያውቅ ሰው እዚያው ነበር። ዓባይ ከጣና ሲነሳ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ በሞጣና በቢቸና በታች አልፎ ሱዳን ድንበር ሲደርስ ወደ 500 ሜትር ወርዷል። ያ ሁሉ ቁልቁለት ጉልበት ነው። የሕዳሴው ግድብ በጳጉሜን 2017 ሲመረቅ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ይዞ ነው፦ የሚወርድ ውሃ ተርባይን ያዞራል፣ ተርባይኑ ማግኔት ያዞራል፣ ማግኔቱ ሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ ያስነሳል። በመሃል ከ120 ዓመት በላይ አልፏል።

ኢልግ በ1907 ሥራውን ለቀቀ። የባቡር ኩባንያውም በዚያው ዓመት ከሰረ፣ ሥራውን ሌላ ኩባንያ ተረከበው። ሙሴ ኢልግ እ.ኤ.አ. ጥር 7 ቀን 1916 ዙሪክ ውስጥ በ61 ዓመቱ አረፈ። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በዓመቱ ነው።