ጆርጅ ፓፓኒኮላው፦ የማኅፀን በር ካንሰርን ቀድሞ የማወቂያ መንገድ የከፈቱ ተመራማሪ

የማኅፀን በር ካንሰር ሥር ሳይሰድ በሕዋሳት ላይ በሚታይ ለውጥ ሊታወቅ እንደሚችል ለዓለም ካሳዩ ተመራማሪዎች መካከል ግንባር ቀደሙ ዶክተር ጆርጅ ፓፓኒኮላው ናቸው። ከስማቸው ተወስዶ ፓፕ ስሚር እየተባለ የሚጠራው ምርመራ ዛሬ በዓለም ዙሪያ ይታወቃል። ሆኖም ሥራው በሙያ ባልደረቦቻቸው ዘንድ ተቀባይነት ያገኘው ከአሥር ዓመት በላይ ትኩረት ሳያገኝ ከቆየ በኋላ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዶክተር ፓፓኒኮላው ሜይ 13 ቀን 1883 በግሪክ አገር በኤቪያ ደሴት በምትገኘው ኪሚ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ሐኪም ነበሩ። እርሳቸውም በ1904 ከአቴንስ ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ተመረቁ። ይሁን እንጂ ዝንባሌያቸው ከሕክምና ይልቅ ወደ ምርምር በማድላቱ ወደ ጀርመን ተጉዘው በ1910 በሙኒክ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን አገኙ። በዚያው ዓመት አንድሮማኪ ማቭሮዬኒን አገቡ።

ባልና ሚስቱ በ1913 ወደ ኒው ዮርክ ሲገቡ በእጃቸው የነበረው ገንዘብ ጥቂት ነበር፤ በከተማው የሚያውቃቸው ሰውም አልነበረም። ወይዘሮ አንድሮማኪ በአንድ ትልቅ መደብር ቁልፍ በመስፋት ሲሠሩ፣ ዶክተሩም መተዳደሪያ ለማግኘት የተገኘውን ሥራ ይሠሩ ነበር። ብዙም ሳይቆይ በኮርኔል የሕክምና ኮሌጅ በአናቶሚ ክፍል የምርምር ሥራ አገኙ። ባለቤታቸውም ረዳት ሆነው አብረዋቸው መሥራት ጀመሩ። ለብዙ ዓመታትም ከገዛ አካላቸው ናሙና በመስጠት የምርምሩ ተሳታፊ ሆነዋል።

የመጀመሪያው ትልቅ ውጤት የተገኘው በጊኒ ፒግ ላይ በተደረገ ጥናት ነበር። ዶክተር ፓፓኒኮላው እንስሶቹን ሳይገድሉ የእንቁላል መውጫ ጊዜያቸውን ለማወቅ ከብልታቸው የሚገኘውን ፈሳሽ በማይክሮስኮፕ መመርመር ጀመሩ። ሕዋሳቱ በዑደት እንደሚለዋወጡም አረጋገጡ። ከቻርልስ ስቶካርድ ጋር በ1917 ያሳተሙት ይህ ጥናት ለሌሎች ተመራማሪዎች መሠረት ሆነ። ኤድጋር አለንና ኤድዋርድ ዶይዚ በ1923 የእንቁላል ዕጢን ሆርሞን ሲያጠኑ የተጠቀሙት በዚሁ ዘዴ ላይ ተመሥርተው ነው።

ምርምሩ ወደ ሴቶች ሲሻገር ከካንሰር ሕሙማን በተወሰዱ ናሙናዎች ውስጥ ቅርጻቸው የተዛባ ሕዋሳት በግልጽ ታዩ። ዶክተር ፓፓኒኮላው ይህንን ግኝት በ1928 በሚሺጋን ግዛት በባትል ክሪክ ከተማ በተካሄደ ጉባኤ ላይ አቀረቡ። በሩማንያ ደግሞ ዶክተር ኦሬል ባቤሽ በተናጠል ተመሳሳይ ውጤት ላይ ደርሰው በ1927 አስታውቀው ነበር። ነገር ግን የዘመኑ ሐኪሞች ካንሰርን የሚያረጋግጡት ከአካል ቁራጭ በመውሰድ ስለነበር፣ ከተራገፉ ጥቂት ሕዋሳት ተነሥቶ በሽታን መለየት የሚታመን አልመሰላቸውም። በመሆኑም ጽሑፉን ተከትሎ የሠራ እምብዛም አልነበረም።

ዶክተር ፓፓኒኮላው ተስፋ አልቆረጡም። በ1939 ከማኅፀን ሐኪሙ ከኸርበርት ትራውት ጋር በመቀናጀት በኒው ዮርክ ሆስፒታል በማኅፀን ሕክምና ክፍል ከሚታከሙ ሴቶች ናሙና እየወሰዱ ሰፊ ጥናት አካሄዱ። የጥናቱ ውጤት በ1941 በጽሑፍ፣ በ1943 ደግሞ በመጽሐፍ ታተመ። በመካከሉ በ1942 የሕዋሳቱን ልዩነት አጉልቶ የሚያሳይ የማቅለሚያ ዘዴ አሳተሙ፤ ዘዴው እስከ ዛሬ በቤተ ሙከራዎች ያገለግላል። ሌሎች ሐኪሞችም ምርመራውን በየሆስፒታላቸው ደግመው መፈተሽና ማረጋገጥ ቻሉ። በ1954 የታተመው ሥዕላዊ የሕዋሳት መጽሐፋቸውም ለባለሙያዎች የማስተማሪያ መሣሪያ ሆነ። በ1928 ችላ የተባለው ሐሳብ ራሱን የቻለ የሕክምና ዘርፍ ወለደ።

ዶክተር ፓፓኒኮላው በ1950 የላስከር ሽልማትን ተቀበሉ። በ1961 አንድ የካንሰር ተቋም ለመምራት ወደ ማያሚ ከተማ ቢዛወሩም ብዙ ሳይቆዩ ፌብሩዋሪ 19 ቀን 1962 በ78 ዓመታቸው በልብ ሕመም ዐረፉ። ተቋሙም በስማቸው ተሰየመ። የሥራቸው ዋና ውጤት ግን በሴቶች ሕይወት ላይ የታየው ለውጥ ነው። ምርመራው በስፋትና በመደበኛነት በሚሰጥባቸው አገሮች በማኅፀን በር ካንሰር የሚሞቱ ሴቶች ቁጥር ከግማሽ በላይ ቀንሷል።

ፓፕ ስሚር የተሟላ ቤተ ሙከራና የሠለጠነ መርማሪ የሚፈልግ በመሆኑ በሁሉም ቦታ በቀላሉ ሊዳረስ አልቻለም። ተከታዮቹ ተመራማሪዎች ይህንን ክፍተት ሞልተዋል። ሃራልድ ሱር ሃውዘን የበሽታው ዋና መንሥኤ ሂውማን ፓፒሎማ ቫይረስ መሆኑን በማሳየታቸው በ2008 የኖቤል ሽልማት ተሸልመዋል። ግኝቱ ለመከላከያ ክትባትና ለቫይረሱ ምርመራ በር ከፍቷል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ባወጣው ስትራቴጂ አገሮች እስከ 2030 ድረስ 90 በመቶ የሚሆኑ ልጃገረዶችን እስከ 15 ዓመታቸው እንዲከትቡ፣ 70 በመቶ የሚሆኑ ሴቶችን እንዲመረምሩና በሽታው ከተገኘባቸው 90 በመቶውን እንዲያክሙ ግብ አስቀምጧል።

ኢትዮጵያም በ2018 ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ክትባቱን መስጠት ጀምራለች። ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 49 ዓመት ለሆኑ ሴቶችም አሴቲክ አሲድ በመቀባት በዐይን የሚደረገው የቅድመ ካንሰር ልየታ በጤና ተቋማት ይሰጣል። ይህ ምርመራ በአጭር ጊዜ ውጤቱ ይታወቃል። በሽታው በመጀመሪያ ደረጃው ምልክት ላያሳይ ስለሚችል ጤነኛ ነኝ የምትል ሴትም መመርመር ይኖርባታል። ከወር አበባ ጊዜ ውጭ፣ ከግብረ ሥጋ ግንኙነት በኋላ ወይም ካረጡ በኋላ የደም መፍሰስ የሚያጋጥማቸው ሴቶች ግን በማንኛውም ዕድሜ ላይ ቢሆኑ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም ሊሄዱ ይገባል። ዶክተር ፓፓኒኮላው ዕድሜያቸውን ሙሉ የደከሙለት ምርምር ፍሬ የሚያፈራው ሴቶች ሕመም ሳይሰማቸው በፊት ሲመረመሩ ነው።