ለሁለት ጥቅል የተመለሰው አብራሪ

ስለ ጦርነት አብራሪዎች ሲወራ ቶሎ ትዝ የሚለን ተዋጊ አውሮፕላን ነው። ጥይትና ምግብ የሚያመላልሰውን ሰው ማን ያስታውሰዋል? እኔ ግን ዛሬ መጻፍ የፈለግሁት ስለ አንድ የጭነት አውሮፕላን አብራሪ ነው፤ በእንግሊዞች ዘንድ ስሙ ስለሚነሣው ስለ ዴቪድ ሎርድ። (ሎርድ ሲባል ማዕረግ እንዳይመስላችሁ፤ የቤተሰቡ ስም ነው።)

እ.ኤ.አ. በ1913 አየርላንድ ውስጥ ኮርክ ተወለደ። ለቅስና ሊማር ስፔን ድረስ ሄዶ ነበር፤ ተወው። በ1936 በእንግሊዝ አየር ኃይል ተራ ወታደር ሆኖ ተቀጠረ፤ በኋላ አብራሪነት ተማረ። ሕንድ፣ ሰሜን አፍሪካ፣ በርማ እየተዘዋወረ ጭነት አመላለሰ።

በመጨረሻ ያበረው ዳኮታ ነው። ዳኮታን እኛም እናውቀዋለን፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1946 ሥራ የጀመረው በዚሁ ዓይነት አውሮፕላን ነበር። ጠንካራ ነው፤ ግን ቀርፋፋና መሣሪያ የሌለው። ጭነት ለመጣል ደግሞ ዝቅ ብሎ፣ መስመሩን ሳይለቅ መብረር አለበት። ከታች ለሚተኩስ ሰው ይህ የተመቸ ዒላማ ነው።

በሴፕቴምበር 1944 ወደ 10,000 የሚጠጋ የእንግሊዝ አየር ወለድ ጦር ሆላንድ ውስጥ አርነም አካባቢ ወረደ። ዓላማው የራይን ወንዝ ድልድይን መያዝ ነበር፤ ተከበበ። በ19ኛው ቀን ስንቅና ጥይት ከጫኑት አውሮፕላኖች አንዱን ይዞ የመጣው ሎርድ ነው። መጣያው ቦታ ሊደርስ ሦስት ደቂቃ ሲቀረው የቀኝ ሞተሩ ተመታና ተቀጣጠለ። መመለስ ይችል ነበር። እሱ ግን ወደ 270 ሜትር ዝቅ አለና ጭነቱን ማስጣል ጀመረ። አልፎ እንደሄደ ሁለት ጥቅል መቅረቱ ተነገረው። ክንፉ እየነደደ ዞሮ ተመለሰና እነሱንም አስጣለ። ነገሩ በሙሉ ስምንት ደቂቃ ፈጀ። ከዚያ ሠራተኞቹ እንዲዘሉ አዘዘ፤ እሱ መሪውን አልለቀቀም። ወዲያው ክንፉ ተቆርጦ አውሮፕላኑ ወደቀ። ሎርድ 31 ዓመት ሊሞላው አንድ ወር ቀርቶት ነበር።

የሚያንገበግበው ነገር መጣያው ቦታ በጀርመኖች እጅ መሆኑ ነው። ከታች ያሉት ወታደሮች ይህን ለማሳወቅ ቢሞክሩም መልእክቱ አልደረሰም። በዚያ ቀን ከተጣለው ጭነት አብዛኛውን የወሰደው ጠላት ነው። እንግዲህ ሰውዬው የሞተው ለምንድነው? አንድ የክፍል ጓደኛዬ በከንቱ ነው ብሎ ተከራከረኝ። እኔ አልስማማም፤ ሎርድ የሚያውቀው ከታች ጥይት ያለቀበት ሰው እንዳለ ብቻ ነበር። እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። አውሮፕላኑ ውስጥ ስምንት ሰዎች ነበሩ፤ አራቱ ጥቅሎቹን የሚገፉ የምድር ጦር ወታደሮች። ለመመለስ ሲወስን የወሰነው ለሁሉም ነው። ይህን ጀግንነት የሚለው ቃል ብቻ የሚሸፍነው አይመስለኝም።

ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች ደግሞ የምንጩ ነገር አለ። የሚነደውን ዳኮታ ጉድጓድ ውስጥ ያሉ ብዙ ወታደሮች አይተውታል፤ ማን እንደሚያበረው ግን አያውቁም። በሕይወት የተረፈው መንገድ መሪው ሃሪ ኪንግ ብቻ ነው። ጓደኞቹ ፓራሹት እንዲያስሩ እየረዳ ሳለ ወደ ውጭ ተወረወረ። ጀርመኖች ማረኩት። አውሮፕላኑ ውስጥ የተባለውንና የተደረገውን ዓለም የሰማው እሱ በ1945 ከምርኮ ሲለቀቅ ነው። በኅዳር ወር ለሎርድ ከሁሉ የበለጠው የእንግሊዝ የጦር ሜዳ ኒሻን፣ ቪክቶሪያ ክሮስ፣ ተሰጠው። በዚያ ጦርነት ከእንግሊዝ አየር ኃይል የትራንስፖርት ክፍል ይህን ያገኘ ሌላ ሰው የለም።

መቃብሩ አርነም አጠገብ፣ ኦስተርቤክ በሚገኘው የጦር መካነ መቃብር ነው። አብረውት የሞቱትም እዚያው አጠገቡ ናቸው።